እሺ ያሰኘኝ የዓሣ እንቁላል

እዚህ ሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ስሜ ጠፍቷል። "አንድ ልጁን በመጀመሪያው ቀን፣ ለመጀመሪያው ሽማግሌ፣ ያለ ምንም ቀጠሮ እሺ ብሎ ሰጠ" እየተባልኩ ነው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንኳ ወሬው አልበረደም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ፣ ዘመኑ ነው" አለኝ። ዘመኑ አይደለም። የዓሣ እንቁላል ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ሽማግሌ ሲላክ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ "ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም" ብለው በር ላይ ይገተራሉ። የልጅቷ አባት ኮስተር ብሎ ያዳምጥና "ከቤተሰብ ጋር እንምከርበት፣ በዚህ ቀን ተመለሱ" ይላል። ምክሩ አልቋል፣ አዳራሹም ተይዟል፣ ሙሽሪት ቬሎዋን ለክታለች። ቢሆንም ይመላለሳሉ። እኔ ሰብለን ሳገባ አማቴ ሽማግሌዎቼን ከማመላለሳቸው የተነሣ አንደኛው በመካከሉ ጡረታ ወጥቷል።

እኔም ተራዬን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሥራዬ ሮክቪል ውስጥ የተጋጨ መኪና እያየሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መወሰን ነው፤ ኮስተር ማለት የለመድኩት ነገር ነው። ልጃችን ሜሮን አንድ ናት። ፋርማሲስት ሆና፣ ደሞዝ አግኝታ፣ እስካሁን ግን የልጅነት ክፍሏ ውስጥ የምትተኛ፣ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ዜና እያየች ዜናውን የምታማ ልጅ ናት። "ዳዲ፣ ላገባ ነው" ስትለኝ ደስ አለኝ ብል ውሸት ይሆናል። ሆዴ ባባ። ይባስ ብሎ ልጁ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፤ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር አለበት። እኛ የሜሪላንድ ሰዎች ወንዙን የምንሻገረው ለለቅሶና ለሠርግ ነው፤ ከዚያ በተረፈ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ በመኪና ተጨናንቀን ቆመን ማርጀት አንፈልግም።

ልጁ ያኒስ ይባላል፤ ግሪክ ነው። እንደ ሙያዬ ከፊት ከኋላው አየሁት፤ ጭረት እንኳ አጣሁበት፤ ይህም አናደደኝ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አቶ ስታቭሮስ ይባላሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ቁርስ ቤት ነበራቸው። ሽማግሌ ሆነው የሚመጡትም እሳቸው እንደሆኑ ተነገረኝ። እኔም በልቤ ቢያንስ እስከ መስከረም ላመላልሳቸው ወሰንኩ። እስከዚያ የሚሆነው አይታወቅም፤ ወይ ልጁ ይሰለቸዋል፣ ወይ ድልድዩ ለጥገና ይዘጋል። ሁለቱም ባይሆን እንኳ ልጄ እስከ መስከረም ቤቴ ውስጥ ናት።

ነገር የተበላሸው ሜሮን አንድ እሑድ ከአሌክሳንድሪያ በፕላስቲክ ዕቃ ምግብ ይዛ ስትመጣ ነው።

"ዳዲ፣ ጀስት ትራይ ኢት። ስታቭሮስ ነው የሠራው።"

ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ በዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላ ነገር ነው። ቀመስኩት። በጣም ይጣፍጣል። በጣም ተናደድኩ።

"ምንድን ነው?"

"ታራሞሳላታ። የዓሣ እንቁላልና ዳቦ ነው፣ ዛትስ ኢት" አለችኝ። ቀጥላም የእናቷ ድስት ባለበት፣ እናቷ ራሷ በቆመችበት፣ "ኦነስትሊ፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በልቼ አላውቅም" አለች።

ሰብለ ምንም አልመሰላትም። እኔ ግን ተነካሁ። ወሰንኩ፦ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይኸው ታራሞሳላታ በእኔ እጅ ተሠርቶ፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃቸዋል። ሰውየው ይቀምሳሉ፤ ይደነግጣሉ፤ ልጅቷ ከምን ዓይነት ቤት እንደምትወጣ ይገባቸዋል። ከዚያ እኔ ኮስተር ብዬ ቀጠሮ እሰጣቸዋለሁ። እቅዴን ለሰብለ ነገርኳት። ትንሽ አየችኝና "ጥሩ ሐሳብ ነው" አለችኝ። ይህች ሴት በትዳራችን ዘመን ለእኔ ሐሳብ እንዲህ ብላ ስለማታውቅ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ምግብ ማብሰል አልችልም። ወጥ ቤት ውስጥ በደንብ የማውቀው ፍሪጁ የት እንደቆመ ነው። ቢሆንም ቪዲዮ አለ። አንዲት ግሪካዊት ሴትዮ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ታሳያለች። በጨው የተቀመጠ የዓሣ እንቁላል በጠርሙስ ግዙ ትላለች። እዚህ ላይ ተለያየን። እኛ ሥጋ እንኳ በጥሬው ቆመን የምናስቆርጥ ሰዎች ነን፤ ትኩሱ እያለ በጠርሙስ የከረመ ነገር ለእንግዳ ማቅረብ ነውር መሰለኝ። ጊዜው ደግሞ ጸደይ ነው፤ ሻድ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ተሸክሞ ከባሕር ወደ ፖቶማክ የሚወጣበት ወቅት ነው። ዓሣ ገበያ ሄጄ ትኩሱን ገዛሁ። ሻጩ "ቅቤ ላይ ጥበሰው" ሲለኝ የማያውቅ ሰው እንደሚታይ አየሁት።

ጉበት የመሰለ፣ ስስ ሽፋን ያለው፣ ሲነኩት የሚርገበገብ ነገር ነው። ደግነቱ በዓለ ኀምሳ ስለነበር የዓሣ እንቁላል ዓሣ ነው ወይስ እንቁላል የሚለውን ክርክር ማንም አላነሣብኝም። ብሌንደር ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን ያዝኩት ብዬ ነበር። አልያዝኩትም። እንደ ባለሙያ ስመረምረው ጥፋቱ መቶ በመቶ የእኔ ነበር። ግድግዳውን አጠብኩ፤ ጣሪያውን ግን አልደረስኩበትም። የጭስ አላርሙ ላይ ዓሣ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ብዙዎች እስካሁን አሉ። ብሌንደሩ ውስጥ የቀረው ደግሞ ጣዕሙ የወንዝ ውሃ ነው። እኔ ፖቶማክን ጠጥቼ አላውቅም፤ አሁን ግን አውቀዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ለሴትዮዋ ተሸነፍኩና ሮክቪል ካለ አንድ የሜዲትራንያን ዕቃ መደብር ጠርሙሱን ገዛሁ። ሴትዮዋ የደረቀ ነጭ ዳቦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጭመቁ ትላለች። ነጭ ዳቦ የለንም፤ ከማኅበር የተረፈ ድፎ ዳቦ ግን አለን። ዳቦ ዳቦ ነው ብዬ ዘፈዘፍኩት። ውስጡ ጥቁር አዝሙድ እንዳለ ያስታወስኩት ሁሉም ነገር ግራጫ ሲሆን ነው። ሽንኩርት ደግሞ የማንኪያ ያህል ፍቃችሁ ጨምሩ ትላለች። በማንኪያ ሽንኩርት ምን ሊሠራ ነው? እኛ ቤት ሽንኩርት የሚገባው በእቅፍ ነው። ሦስት ራስ ፋቅኩ፤ እንባዬን ጠረግኩ፤ ጨመርኩ። ሎሚ ጨመቅኩ። ቀጥሎ የወይራ ዘይቱን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያደረጋችሁ አስገቡ ስትል ትዕግሥቴ አለቀና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት።

ተለያየ። ዘይቱ ወደ ላይ፣ ዳቦው ወደ ታች፤ መሐል ላይ ማንም የማይፈልገው ውሃ። ብሌንደሩን ባስጮኸው ባስጮኸው አልታረቁም። ሽምግልናው ነገ ነው። እኔ ያን ብሌንደር አቅፌ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ሰብለ ከሥራ ገብታ አየችኝ። አልሳቀችም፤ ይህም ሌላ ምልክት ነበር። ቦርሳዋን ከፈተችና ሌላ ጠርሙስ የዓሣ እንቁላል አወጣች።

"ይህን መቼ ገዛሽ?"

"እንደምታበላሸው አውቄ ነዋ። ተነሣ።"

"ሰብልዬ፣ ይቅርብኝ ይሆን?"

"ምን ይቅርብኝ! አንዴ ጀምረሃል። ሰውየው መቅመስ አለባቸው" አለችኝ። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በመርፌ በሳች፣ ዘይቱን ሞላችበትና እጄ ላይ አስያዘችኝ። "በዚህች ቀዳዳ ብቻ። ከቸኮልክ እመታሃለሁ።"

ከተረፈው ድፎ ዘፍዝፌ ከአዲስ ጀመርኩና እንደተባልኩት አደረግኩ። ክንዴ ዛለ። ዘይቱ ክር ሆኖ ወረደ፤ ዳቦውም ቀስ በቀስ ጠጣው፤ ከዚያ ነገሩ ነፍስ ዘራና ወፈረ፣ አበጠ፣ ለሰለሰ። ቀለሙ አሁንም ግራጫ ስለሆነ ትንሽ በርበሬ ጣል አደረግኩበት፤ የቤታችንን ጡብ መሰለ። ቀመስኩት። የስታቭሮስ አይደለም። ግን ጥሩ ነው። ደግሜ ቀመስኩት። ጥሩ ነው! ልጄ ስትወለድ ካደረብኝ ደስታ ቀጥሎ የሚጻፍ ደስታ ነው ያደረብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ያኒስ በልማዱ መሠረት አልመጣም፤ ማለትም መንገዱ ጥግ ላይ መኪናው ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል፤ ከመስኮት ይታያል። ሜሮን ፎቅ ላይ ናት። በር ላይ የቆሙት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋሽ ተሰማ፤ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ አቶ ስታቭሮስ ቁርስ ቤት ለዓመታት ቡናቸውን የጠጡ፣ አሁን አስተርጓሚም አሠልጣኝም የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ጺማቸውን አበጥረው የመጡ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

"ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም!" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"አን-ቀ-መ-ጥም" አሉ አቶ ስታቭሮስም፣ በአማርኛ። መኪና ውስጥ ሲለማመዱት እንደመጡ ያስታውቃል። እውነት ለመናገር አንጀቴን በሉኝ፤ ግን ኮስተር እንዳልኩ ቀጠልኩ።

ጋሽ ተሰማ ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳም ነው የጀመሩት። እኔ ግን የማየው ጠረጴዛውን ነው። ታራሞሳላታዬ በነጭ ሳሕን፣ ዙሪያውን ወይራ ፍሬ ተደርድሮለት፣ አጠገቡ ፒታ የሚሉት ለብ ያለ ቂጣ ተቀምጦለት ይጠብቃል። አቶ ስታቭሮስም የሚያዩት እሱኑ ነው። መጀመሪያ በዓይናቸው ጥግ አዩት። ጋሽ ተሰማ ኖኅ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩት። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

"ጋሽ ተሰማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልኩ፣ "እንዲያው እየቀመሳችሁ ብንነጋገርስ?"

"እህል ውሃ አንቀምስም! ጉዳያችን ሳይፈጸም?"

"ትንሽ ብቻ፣ በፒታ ጫፍ።"

"አንተ ሰው፣ ልማዱን ታውቅ የለም እንዴ? ለሳቸው ስንት ቀን ሙሉ ያስጠናኋቸውን ልታስረሳቸው ነው?"

አቶ ስታቭሮስ ትከሻቸውን ሰበቁና በእንግሊዝኛ "ፈልጌ ነበር፤ ግን ከልክሎኛል" አሉኝ። እንደ ልጅ ነበር ያሉት።

የእቅዴ ቀዳዳ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ካልቀመሱ ታራሞሳላታዬ ከንቱ ነው። እንዲቀምሱ እሺ ማለት አለብኝ። እሺ ካልኩ ቀጠሮ የለም፤ መስከረም የለም፤ ልጄ ሄደች። ቀጠሮ ከሰጠሁ ደግሞ አሁን ወጥተው ይሄዳሉ፤ ምግቡ እስኪመለሱ አይቆይም፤ እኔም ያን ተአምር ሁለተኛ አልሠራውም። ሰብለን አየኋት። እጆቿን አጣምራ ወደ ጣሪያው ትመለከታለች። ፊቷ የጻድቅ ፊት ነው። ይህች ሴት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ሁለተኛውን ጠርሙስ በከንቱ አልገዛችም።

ጋሽ ተሰማ አብርሃም ጋ ደረሱ። በዚህ ጊዜ ሳሕኑ ጠርዝ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ብቅ አለች። ቀጥላ ሌላ። መለያየት ሊጀምር ነው! አቶ ስታቭሮስም አይተዋታል፤ ቅንድባቸው ተነሣ። የአባትነት ክብሬንና የአባትነት ሆዴን በአንድ በኩል፣ ያችን ጠብታ በሌላ በኩል አደረግኩ።

"...እናም ልጃችሁን ለልጃችን ትሰጡን ዘንድ..."

"እሺ" አልኩ።

"...በትሕትና እንጠይ... ምን አልክ?"

"እሺ ብያለሁ። ሰጥቻለሁ። ይብሉ።"

ሰብለ እልልታውን አቀለጠችው። ሜሮን ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ዳዲ! ዩ ሰድ የስ! ታመላልሳቸዋለህ ብዬ እኮ ስፈራ ነበር!" እያለች ታለቅሳለች። ለፍቅሯ ስል ልማዱን የጣስኩ መስሏታል። አላረምኳትም። እንባዋ ሸሚዜን ሲያርሰው፣ ይህችን ልጅ ለማንም መስጠት እንደማልፈልግ፣ አሁን ግን መስጠቴን አወቅኩ። ጋሽ ተሰማ ደግሞ በጣም አዘኑ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጉብኝት የሚሆን ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ሦስተኛው በጣም ጥሩ ነበር አሉ።

አቶ ስታቭሮስ መቀመጥ ትዝ አላላቸውም። እንደቆሙ ፒታ ቆረሱ፣ ጠቀሱ፣ ጎረሱ።

"ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"ጥቁር አዝሙድ። ከዳቦው ነው።"

"ቀዩስ?"

"በርበሬ።"

"ሽንኩርቱስ?"

"ሽንኩርት ነው።"

ደግመው ጎረሱ። አላመጡ። "ይህ ታራሞሳላታ አይደለም" አሉ። ሦስተኛ ጎረሱ። አራተኛውን ሲጠቅሱ "ወጥ ቤቱ የት ነው?" አሉኝ።

ሁለታችን ብቻ ገባን። ሳሎን ውስጥ ያኒስ ተጠርቶ ገብቶ ይሳማል። አቶ ስታቭሮስ ሱፋቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉና ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

"ትኩሱን ሞክረሃል።"

"አዎ።"

"እኔም መጀመሪያ ጊዜ ትኩሱን ነው የሞከርኩት" አሉና እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። ሲታጠቡ ቆዩ፤ ከሚገባው በላይ ቆዩ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ተናገሩ። "ተሰማ እንመላለሳለን ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ እምቢ ይሉሃል፣ ሁለተኛም እምቢ ይሉሃል፣ እንዳትቀየም ብሎኝ ነበር።"

"ልማዱ እንደሱ ነው።"

"እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።"

ፎጣ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።

"ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ነው የሚበላው" አሉ። "ታራሞሳላታ ለአንድ ሰው ተብሎ አይሠራም። ብታሳንሰው ብታሳንሰው ይተርፋል።" ውሃውን ዘጉ። "ቀጠሮ መስጠት ነበረብህ።"

"እርስዎም ትንሽ መቅመስ ነበረብዎት" አልኳቸው። "እኔ እኮ እስከ መስከረም ላመላልስዎት አስቤ ነበር።"

ዞር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። "መስከረም ጥሩ ነበር" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደወል ተደወለ። በር ስከፍት አቶ ስታቭሮስ ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ አንድ ጠርሙስ የዓሣ እንቁላል በብብታቸው ይዘው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ቤልትዌይን ችለው፣ ብቻቸውን ቆመዋል።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"አንቀመጥም" አሉ። ጋሽ ተሰማ ያስጠኗቸው በብዙ ቁጥር ብቻ ነው።

ገባኝ። ኮስተር አልኩ፤ የተቻለኝን ያህል ኮስተር አልኩ። "ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር እንምከርበት። ቅዳሜ ይመለሱ።"

በአክብሮት እጅ ነሡና በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። ቆሞ መሥራት አልተከለከለም፤ ቆሞ መብላትም ያው ነው።

ይኸው ልጆቹ ተጋብተው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የራሳቸው ቤት ገቡ። እሳቸው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደወሉን ይደውላሉ፤ ሰብለ ዳቦ ትዘፈዝፋለች፤ ዘይቱን በክዳኑ ቀዳዳ የማንጠባጥበው እኔ ነኝ። ሰው እንግዲህ ቶሎ እሺ አለ እያለ ያማኛል። ሰውየው ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ አልተቀመጡም፤ እኔም እስከ ዛሬ ቀጠሮ እየሰጠኋቸው ነው።